ከአጥሩ ወዲያ ዘጠና አራት ኪሎ ሜትር

ኖላዊ በየቀኑ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ዱካውን አንጠልጥሎ ከብሎክ 27 ጀርባ ይወጣል፤ አጥሩን ተደግፎ ይቀመጥና ይጠብቃል። ብዙ አይቆይም። ከአጥሩ ወዲያ ሦስት ጊዜ ይንኳኳል። እሱም በዘነዘና ሦስት ጊዜ ይመልሳል። እህቱ ሄራን በደህና ማደሯን እሱ ያውቃል፣ እሱም ማደሩን እሷ ታውቃለች፤ ከዚያ ሁለቱም ገብተው ቁርሳቸውን ይበላሉ።

ስድሳ ስድስት ዓመቱ ነው። እሷ በአምስት ዓመት ትበልጠዋለች። እሱ የሳይት 418 ነዋሪ ነው፣ እሷ የሳይት 419። ከእሱ ዱካ እስከ እሷ ዱካ አራት እርምጃ አይሞላም፤ በመንገድ ግን ዘጠና አራት ኪሎ ሜትር ነው። ከሳይቱ ብቸኛ በር ይወጣና የየሳይቱን መኪና ወደሚያጠራቅመው ሰብሳቢ መንገድ ይገባል፤ ከሰብሳቢው ወደ ሦስተኛው ቀለበት፤ በቀለበቱ ዱከምን ዞሮ ወደ አራተኛው፤ በአራተኛው ሞጆ ድረስ ሄዶ መታጠፊያ ሲያገኝ ይታጠፍና ያንኑ ያህል ይመለሳል። መንገዱ ያልተዘጋጋ ቀን አምስት ሰዓት ይፈጃል። በእግሬ ልሂድ የሚል የለም፤ እግር የሚያገለግለው በሳይት ውስጥ ብቻ ነው። መስቀለኛ መንገድ የሚባለውን ነገር የዛሬ ልጆች የሚያውቁት ከታሪክ መጽሐፍ ነው፤ ሥዕሉን እያዩ ይስቃሉ።

ሠራተኛው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት በአውቶቡስ ተጭኖ ይወጣል፣ ማታ ሦስት ሰዓት ይመለሳል። እንቅልፉን የሚጨርሰው አውቶቡስ ላይ ነው፤ ጥርሱን የሚፍቀውም፣ ልጁን የሚቆጣውም፣ ከሚስቱ ጋር የሚታረቀውም እዚያው ነው። ስለዚህ ቀን ቀን ሳይቱ የሽማግሌዎችና የድመቶች ይሆናል። የብሎኮቹ ጀርባ መስኮት የለውም፤ የአንዱ ሳይት ሰው ወደ ሌላው ሳይት እንዳያይ ተብሎ የተደነገገ ነው። በብሎኩና በአጥሩ መካከል ያለችው ቀጭን መተላለፊያ ላይ ከኖላዊና ከሄራን በቀር ማንም አይደርስም።

ሁለቱ ግን ኖረውባታል። አጥሩ የቆመበት መሬት የአባታቸው ግቢ ነበር፤ ምትክ ቤት ሲሰጣቸው ለምነው፣ ደጅ ጠንተው፣ ጀርባ ለጀርባ የሆኑትን ሁለት ብሎኮች አገኙ። በበዓል ቀን ሁለቱም ዶሮ ይሠራሉ፣ ሁለቱም ገበታቸውን ይዘው ወደ አጥሩ ይወጣሉ። «የኔ ጨው በዛበት» ትላለች። «የኔም ቀጥኗል፣ ተይው» ይላል። በስክሪን መተያየት ይችላሉ፤ እሷ ግን እሺ አትልም። «ስክሪን ላይ የታመምክ ትመስላለህ፣ ድምፅህ ይበቃኛል» ትለዋለች። ፊት ለፊት ከተያዩ አራት ዓመት ሆኗቸዋል።

በሐምሌ ወር፣ ዝናብ ሲያካፋ ባደረበት አንድ ማክሰኞ፣ ከወዲያ በኩል የተንኳኳው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር።

ኖላዊ ጠበቀ። ከዚያ የሆነ ነገር ግንቡን ሲፍቅ ሰማ።

«ኖሌ...»

«እትዬ! ምነው?»

«ወድቄያለሁ። አዳለጠኝ። ዳሌዬ ነው መሰለኝ፣ ቋ ሲል ሰምቼዋለሁ።»

«ስልክሽስ?»

«አልጋው ላይ ነው።»

«መነሳት አትችይም? እስቲ ሞክሪ።»

«ሞክሬያለሁ ኖሌ። እግሬ የኔ አይደለም።»

ያን ጊዜ ሌላው ነገር ትዝ አለው። ሄራን ስኳር ካለባት አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልፏታል። «ቁርስ በልተሻል?» አላት።

«ገና ነኝ።»

«እትዬ፣ መርፌሽን ተወግተሻል?»

«ተወግቻለሁ። አንኳኩቼልህ ልመለስና ልበላ ነበር። ታውቀው የለ፣ ደህና ማደርህን ሳልሰማ እህል አይወርድልኝም።»

ያውቀዋል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መጀመሪያ መርፌ፣ ቀጥሎ እሱ፣ ከዚያ ቁርስ። ተይ ብሏት አያውቅም፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ይለው ነበር። አሁን መርፌው በደሟ ውስጥ ሥራውን ጀምሯል፣ በሆዷ ግን ምንም የለም። የሚያስፈልጋት አንድ ብርጭቆ የስኳር ውሃ ነው። የእሱ ስኳር በኩሽናው መደርደሪያ ላይ፣ ሃያ እርምጃ ርቆ ተቀምጧል።

ስልኩን አወጣና ወደ ሳይት 419 መግቢያ ደወለ። የመለሰለት የሴት ድምፅ ትሑት ነበር።

«እንደምን አደሩ አባባ። እንግዳ ለማስገባት የነዋሪዋ ፈቃድ ያስፈልጋል። ጥያቄውን ልኬላቸዋለሁ።»

«ልትፈቅድ አትችልም እኮ! ወድቃለች! እኔን ማስገባቱ ቢቀር አንድ ጥበቃ ላኩላት!»

«ጥበቃ ወደ መኖሪያ የሚላከው በነዋሪው ጥሪ ነው። ጥያቄው ስልካቸው ላይ ደርሷል፤ እንደመለሱ እናሳውቅዎታለን።»

ከአጥሩ ወዲያ ሄራን «ኖሌ» አለች፣ «ስልኬ ቤት ውስጥ እየጠራ ነው።»

ወደ አስቸኳይ ጥሪ ደወለ። አድራሻውን ሰጠ። አምቡላንሱ ከአራት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ በኋላ እንደሚደርስ ተነገረው። ከቆመበት ዞር ብሎ ቢያይ በብሎክ 26 ጥግ የሳይቱ አምቡላንስ ቆሟል፤ ዝናቡ ጣሪያው ላይ ያካፋል።

«አምቡላንሱ ይኸው ደጄ ላይ ነው! እያየሁት ነው!»

«እሱ የሳይት 418 ነው። ለእርስዎ ከሆነ በሁለት ደቂቃ ይደርሳል። እርስዎ ታመዋል?»

ስልኩን ኪሱ ከትቶ ወደ ቤቱ ሮጠ።

ከረሜላ በእፍኙ ይዞ ተመለሰ። አጥሩ ስድስት ሜትር ነው፤ ጫፉ ላይ በሁለቱም በኩል ያዘመመ መረብ አለ፣ የተወረወረ ሁሉ እዚያ ይቀራል። የሃያ ዓመት ኳሶችና ነጠላ ጫማዎች ተከማችተውበታል። ኖላዊ ይህን እያወቀ ወረወረ። ክንዱ እስኪዝል ወረወረ። አንዱም አላለፈም። ስኳርም በፌስታል ጠቅልሎ ሰደደ፤ ፌስታሉ መረቡ ላይ ተቀደደና ዝናቡ ያሟሟው ስኳር ጠብ ጠብ እያለ በራሱ በኩል ወረደ።

«እትዬ፣ እንዴት ነሽ?»

«ብርድ ብርድ እያለኝ ነው። ላብም ያልበኛል።»

ላብ ሲያልባት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ጎረቤት ለመጥራት ጮኸ፤ የሚሰማው መስኮት የሌለው ግድግዳ ብቻ ነበር። ከዚያ ዞረና ከእሱ ዱካ በስተግራ ሦስት እርምጃ ላይ ያለውን የአጥሩን ክፍል ተመለከተ። እንደ ሌላው ሁሉ ግራጫ ቀለም የተቀባ ነው፤ አንድም ልዩነት አይታይበትም። ኖላዊ ግን ልዩነቱን ያውቃል። ሌላው ሁሉ አርማታ ሲሆን ያ ቦታ ብሎኬት ነው። ድሮ እዚያ መሹለኪያ ነበረች፤ አንድ ሰው ጎኑን ሰጥቶ የሚያልፍባት፣ ሄራን ትኩስ ዳቦ ይዛ የምትመጣባት። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ከብሎክ 27 የውሃ ፓምፕ ተሰረቀና የጸጥታ ኮሚቴው ዘጋት። የኮሚቴው ሊቀመንበር ኖላዊ ነበር። ግንበኛው ሲለካ ሲባጎውን የያዘለት እሱ ነው።

ለሄራን የነገራት ሌላ ነው። «ተከራክሬ ነበር፣ በድምፅ በለጡኝ» አላት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአጥሩ ወዲህና ወዲያ ተቀምጠው እነዚያን ኮሚቴዎች አብረው ሲረግሙ ኖሩ። አንዳንዴ እሱ ከእሷ ብሶ ይራገም ነበር።

ከአትክልተኛው መጋዘን ዶማ አመጣ፤ መዶሻና አንድ ረጅም የፌሮ ብረትም ጨመረ። የመጀመሪያው ምት ልስኑን አረገፈው። የብሎኩ ጣሪያ ላይ ያለው የአጥሩ ደወል መጮኽ ጀመረ።

«ኖሌ፣ ምንድን ነው የምትመታው?»

«መሹለኪያውን።»

«የቱ ጋ እንደሆነ በምን አወቅህ? በቀለም ተደፍኖ የለም እንዴ?»

ደግሞ መታ።

ብዙም ሳይቆይ ወይዘሮ ሶልያና ጃንጥላ ይዛ እያለከለከች ደረሰች። የዛሬው ኮሚቴ ሊቀመንበር እሷ ናት፤ አርባ ዓመት ያልሞላት፣ ሥራዋን ትታ እናቷን የምታስታምም ሴት። እናቷ በሳምንት ሦስት ቀን በሳይቱ ክሊኒክ ኩላሊቷን ታሳጥባለች።

«ጋሽ ኖላዊ! ምን ሆነው ነው? እባክዎ ያቁሙ!»

«እህቴ ከወዲያ ወድቃለች። ስኳሯ እየወረደ ነው። አንድ ብሎኬት ላውጣና ውሃ ላቀብላት፣ ከዚያ እኔው እደፍነዋለሁ።»

«አጥሩ ከተበሳ ሳይቱ ዝግ መባሉ ይቀራል፤ ያውቁታል። ክሊኒክ የሚሰጠው ለዝግ ሳይት ብቻ ነው፤ ያነሱብናል። እናቴን የት ልወስዳት ነው? ስልሳ ኪሎ ሜትር?»

«ሶልያና፣ ልጄ፣ ድምፅዋን ስሚው። እዚህ ናት።»

ወይዘሮ ሶልያና አልሰማችም፤ ወይም መስማት አልፈለገችም። ስልኳ ላይ የያኔውን ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ አወጣችና ጮክ ብላ አነበበች። «‹መሹለኪያው ለማንም፣ በምንም ምክንያት አይከፈትም።› ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት። ቀጥሎም እዚህ አለ፤ አንዲት ነዋሪ የታመመ ሰው ቢኖርስ ብለው ጠየቁ። ሊቀመንበሩ ሲመልሱ፣ ‹ለታመመ አምቡላንስ አለ› አሉ። ፊርማ፣ ኖላዊ...»

ከአጥሩ ወዲያ ሄራን ቃል በቃል መስማቷን ኖላዊ አወቀ። በዚያች ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠው አይጠላም ነበር።

«እትዬ» አለ፣ ግንባሩን ግንቡ ላይ አስደግፎ። «የዘጋሁት እኔ ነኝ። በድምፅ የበለጠኝ የለም። እኔ ነኝ ያስዘጋሁት።»

ሄራን፣ ምላሷ ከበድ ብሎ፣ «ምታው» አለችው። «ዝም ብለህ ምታው።»

ወይዘሮ ሶልያና ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «እኔ አላየሁም» አለችና ጃንጥላዋን እዚያው ጥላ ወደ ብሎክ 20 ሄደች። ማንንም አልጠራችም። አጥሩ ራሱ ግን ጠርቶ ነበር።

ኖላዊ መታ። ስድሳ ስድስት ዓመት ለዶማ አይመችም፤ በየአሥር ምቱ ይቆማል፣ ይተነፍሳል፣ «እትዬ» ይላል፣ «እ» ትለዋለች፣ እንደገና ይመታል። ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ የመጀመሪያው ብሎኬት ተሰብሮ ወደ ውስጥ ገባ። ኖላዊ በደስታ ሊያለቅስ ደረሰና እጁን ሰደደ። ጣቶቹ ክንድ የማይሞላ ባዶ ቦታ አልፈው ሌላ ብሎኬት ነኩ።

በእጁ ዳበሰው። ወደ ላይ፣ ወደ ታች።

«እትዬ... ከዚህ ወዲያ ሌላ ግንብ አለ።»

«አዎ» አለች ሄራን።

«ምን ማለት ነው አዎ?»

«በእኛም በኩል ዘግተናል። እናንተ በዘጋችሁ በሳምንቱ። ሌባው የሚመጣው ከ418 ነው አሉን።» ቃላቱ አንዱ በአንዱ ላይ እየተደራረቡባት ነበር። «እኔም ፈርሜያለሁ ኖሌ። ሌባ ማለታቸው አንተን እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ፈረምኩ። ፈራሁ። ለማቡኪያ ውሃ ያቀረብኩላቸውም እኔ ነኝ... ግንበኛ ውሃ ሲለምን እንዴት ይከለከላል?»

ኖላዊ ሳቅም ልቅሶም ያልሆነ ድምፅ አወጣ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለቱም እያወቁ፣ ሁለቱም ሲራገሙ። «ግድ የለም» አላት። «ግድ የለም እትዬ። አትተኚ ብቻ። አውሪኝ።»

ፌሮውን በቀዳዳው አስገብቶ ጫፉን በመዶሻ መታ። ፌሮው ይንሸራተታል፣ ይመልሰዋል፣ ይመታል። የመዳፉ ቆዳ ተላጠ። ሄራን አወራችው፤ መጀመሪያ ስለ ዝናቡ፣ ከዚያ ስለ አባታቸው ዶሮዎች፤ ዶሮዎቹ መሹለኪያውን አልፈው ሄደዋልና መልሳቸው ብላ ተቆጣችው። «እሺ እመልሳቸዋለሁ» አላት። ዶሮዎቹ ከሞቱ ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ በአጥሩ ደወል የተጠሩ ሁለት ጥበቃዎች ከሩቅ ጣቢያቸው ሲደርሱ በሁለተኛው ግንብ ላይ የቡጢ ስፋት ያለው ቀዳዳ ተከፍቶ ብርሃን ገብቶበት ነበር። መዶሻውንና ፌሮውን ነጠቁት። እሱ ግን ከኪሱ በስኳር ውሃ የሞላትን ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ አወጣና ከእነሱ ፈጥኖ ክንዱን እስከ ትከሻው ቀዳዳው ውስጥ ወተፈ። ጥበቃዎቹ ሊስቡት ሞከሩ፤ የብሎኬቱ ስባሪ ሥጋውን ሲቦጭቀው አይተው ፈሩና ለቀቁት።

እጁ ከግንቡ ወዲያ ወጥቷል። ዝናቡ መዳፉ ላይ ሲወርድ ተሰማው። እዚያም ያው ዝናብ ነው።

«እትዬ! ያዢው! ይኸው!»

ወደ መሬት በጣም ዝቅ ካለ ቦታ ድምፅዋ መጣ፤ ፍጹም ጥርት ያለ ድምፅ ነበር።

«እጅህ አረጀ እኮ፣ ኖሌ።»

«ያዢው ነው የምልሽ!»

«ሩቅ ነው።»

«ስንት እርምጃ ነው? ልወርውርልሽ? ወዴት ነሽ፣ በቀኝ ነሽ በግራ?»

በድምፅዋ ገምቶ በእጁ አንጓ ብቻ ወረወረው። ጠርሙሱ ሲሚንቶው ላይ ነጥሮ ሲንከባለል፣ ሲንከባለል፣ ከዚያ ሲቆም ሰማ።

«ደረሰልሽ?»

ኳ፣ አለ ግንቡ። ወዲያው ደግሞ፣ ኳ። ኖላዊ ሦስተኛውን ጠበቀ። ጥበቃዎቹም፣ የሚጠብቀው ምን እንደሆነ ሳያውቁ፣ አብረውት ጠበቁ።

አምቡላንሱ አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ ደረሰ፣ እንደተባለው። አንድ ደቂቃ አላሳለፈም። የአምቡላንሱ ሰው ሬሳውን ሸፍኖ ቀና ሲል ከግንብ የወጣ እጅ አየና ደነገጠ።

«ማነው እዚያ?»

«ወንድሟ ነኝ።»

«አባባ፣ መጥተው ሊሰናበቷት ይገባል።»

«መጥቼ የለ እንዴ» አለ ኖላዊ። ጣቶቹ እንደተዘረጉ ነበሩ። ሰውየው ሬሳውን ወደ ቀዳዳው አስጠጋና የሄራንን እጅ አንስቶ መዳፉ ላይ አኖረለት። ሌላ ምን እንደሚያደርግ አላወቀም።

በማግስቱ ኖላዊ ዘጠና አራት ኪሎ ሜትር ተጉዞ ቀበራት። በሳይት 419 በር ፈቃድ የጠየቀው የለም፤ የሞተ ነዋሪ ስለማይፈቅድም ስለማይከለክልም በሩ ሲደርስ ወዲያው ተከፈተ። ከሄራን ቤት፣ ከብሎክ 3 ጀርባ ሄዶ ጠርሙሱን ከተኛበት አገኘው። እሷ ከነበረችበት አንድ ስንዝር ነው። ክዳኑ አልተከፈተም።

በዘጠነኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ግንበኛ መጣ። የሁለቱም ሳይት ኮሚቴዎች በስምምነት የላኩት፣ አርባ ዓመት ገደማ የሆነው፣ ፊቱ የማይከፋ ሰው ነው። አሸዋውንና ሲሚንቶውን አራገፈ፣ አካፋውን አቆመ፣ ቀዳዳውን በዓይኑ ለካ። ከቀዳዳው አጠገብ አንድ ሽማግሌ ዱካ ላይ ተቀምጦ ዘነዘና ይዟል።

«እንደምን አደሩ አባባ። እግዜር ያጥናዎት፤ ሰምቻለሁ።»

«እግዜር ያክብርህ።»

«ይቺን እንድደፍናት ተልኬ ነው። ከግማሽ ሰዓት አትፈጅም።» ግንበኛው ሲሚንቶውን ከአሸዋው ጋር አገላበጠና መሐሉን ጎድጎድ አደረገው። ከዚያ እንደ ማንኛውም ግንበኛ፣ ማንም እንደማይከለክለው እያወቀ፣ ጠየቀ። «ውሃ አያጡም መቼም? ለማቡኪያ።»

ከኖላዊ ጎን፣ በቱቦው ሥር፣ የሐምሌ ዝናብ እስከ አፉ የሞላው በርሜል ቆሟል። ግንበኛው በርሜሉን አየ። ኖላዊም አየው። ክንዱን ቀስ ብሎ ወደ ቀዳዳው ሰደደና እስከ ትከሻው አስገባው።

«የለም» አለ።

«አባባ፣ ይኸው እኮ...»

«የለም አልኩህ። ውሃ የለንም።»